ትንሿ ጥቅልል ሽቦና የአቶሞች ሹክሹክታ

የአገር ቤት ወሬ ለመስማት በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ያመሸ ሁሉ ጫጫታ ምን እንደሆነ ያውቃል። የኬሚስትሪ ሊቃውንትም ይኸው ችግር አለባቸው። እነሱ የሚያዳምጡት ግን የአቶምን እምብርት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናሙናው ኃይለኛ ማግኔት ውስጥ ይገባል። በዙሪያው የተጠመጠመው የመዳብ ሽቦ የሬዲዮ ሞገድ ይለቅበታል፤ ቀጥሎም ሽቦው ራሱ አንቴና ሆኖ መልሱን ይቀበላል። በ7 ቴስላ ማግኔት ውስጥ ሃይድሮጂን የሚመልሰው በ300 ሜጋኸርዝ ገደማ፣ ማለትም የኤፍ ኤም ጣቢያዎችን ሦስት እጥፍ በሚያህል ሞገድ ነው። የእያንዳንዱ አቶም ድምፅ እንደ ጎረቤቶቹ ማንነት በጥቂቱ ስለሚለያይ፣ የሞለኪውሉ አሠራር ከዚያ ይነበባል። የሆስፒታሉ ኤም አር አይም የዚሁ ብልሃት ዘመድ ነው። መሠረቱን የጣሉት ፌሊክስ ብሎክና ኤድዋርድ ፐርሴል በ1952 (እ.ኤ.አ.) የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል።

ችግሩ፣ መልሱ ሹክሹክታ ነው። የተለመደው የናሙና ቱቦ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ይፈልጋል። ከአንድ ዕፅ በስንት ድካም ቅንጣት ንጥረ ነገር ያወጣ ተመራማሪ ይህን ያህል ከየት ያመጣል?

መላው ሽቦውን ወደ ናሙናው ማስጠጋት፣ ማለትም ጥቅልሉን ማሳነስ ነው። ቅርጹ ሳይለወጥ ስፋቱ በግማሽ ቢቀነስ፣ ከዚያው ናሙና የሚሰማው ድምፅ ከጫጫታው አንጻር እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ታዲያ ምን ያዛቸው? ቢሉ፣ ጠላቱ ራሱ ሽቦው ነበር። መዳቡ በአጠገቡ ያለውን የማግኔት መስክ ያዛባል፤ መስኩ ሲዛባ የአቶሞቹ ድምፅ ይደበላለቃል። ጆሮው ቀረበ፣ ንግግሩ ግን ጠፋ!

በ1995 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዘዴ አገኙ። ከስፌት መርፌ በማይወፍር የመስታወት ቱቦ ላይ ፀጉር የሚያህል የመዳብ ሽቦ ጠመጠሙ። ከዚያም ጥቅልሉን የማግኔት ጠባዩ ከመዳብ ጋር በሚቀራረብ፣ ፍሎሪን በበዛበት ፈሳሽ ከበቡት። ሽቦውና አካባቢው ለማግኔቱ አንድ ወጥ ሆኑ፤ መዛባቱም ረገበ። ፈሳሹ ሃይድሮጂን ስለሌለው የራሱን ወሬ አይጨምርም። በዚህም 5 ናኖ ሊትር ብቻ፣ የተለመደውን አንድ መቶ ሺህኛ ገደማ፣ አጥርተው ማንበብ ቻሉ።

ትንሽ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት ግን አይደለም። ናሙናው የተትረፈረፈለት በትልቁ ቢጠቀም ይሻለዋል። ያለችው ጥቂት ለሆነችበት ግን፣ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የምትረዝመው ጥቅልል የወራት ድካሙን መና ከመቅረት ታድንለታለች።