ትኬቱን ከአዘዞ ጀምሩት

ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ፣ ትኬት በሚቆረጥበት አንድ ቤት ጠረጴዛ ጀርባ ብዙ ዓመት ተቀምጫለሁ። ከፊቴ የሚቀመጡት አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ስልካቸውን በመሐረብ ቋጥረው ይመጡና «ልጄ፣ እስቲ ይቺን ወረቀት እዪልኝ፤ ከአሜሪካ የተላከች ናት» ይሉኛል። ልጆቻቸው የላኩት ትኬት ነው፤ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በማይል፣ በባንክ ካርድ ነጥብ የተቆረጠ። ወረቀቱ ለእኔ የሚነግረኝን ለእናቲቱ አይነግራትም። ብዙ ጊዜ ለላከችው ልጅም አይነግራትም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ላወራችሁ የፈለግሁት እሱን ነው።

መጀመሪያ የማየው ስሙን አይደለም፤ ቀኑንም አይደለም። የትኬቱን ቁጥር የመጀመሪያ ሦስት አሃዞች ነው የማየው። 071 ከሆነ ትኬቱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። 016 ዩናይትድ ነው፣ 014 ኤር ካናዳ፣ 220 ሉፍታንዛ። አውሮፕላኑ ጅራቱ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ስላለው ትኬቱም የእኛ ነው ማለት አይደለም። ከታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የስታር አሊያንስ አባል ስለሆነ፣ በሌላው አባል ማይል የእኛን ወንበር መቁረጥ ይቻላል። ግን ትኬቱን የሚለውጠው፣ ቀኑን የሚያዛውረው፣ ማይሉን የሚመልሰው ያ ቁጥሩ የተጻፈለት ድርጅት ነው።

አንድ ኅዳር ላይ አንዲት እትዬ መጡ። የእህታቸው ተዝካር ከጉዞው ቀን ጋር ገጥሞባቸው፣ «በሳምንት ብቻ ግፊልኝ» አሉኝ። ቁጥሩን አየሁ፤ 071 አይደለም። ወንበሩ ስክሪኔ ላይ ይታየኛል፣ ስማቸው ይታየኛል፣ እጄ ግን አይደርስም። ጎንደር ከረፋዱ 4 ሰዓት ነው፤ ልጃቸው ዘንድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። እትዬ ልጃቸውን ከእንቅልፏ ላለመቀስቀስ ብለው እስኪነጋላት ድረስ ግድግዳውን ተደግፈው ጠበቁ፤ ቡና አስመጣሁላቸው። ለልጆች የምለው ይሄን ነው፦ በነጥብ የቆረጣችሁት ትኬት ስልኩ ያለው እናንተ ዘንድ ነው። እናታችሁን ወደ ትኬት ቢሮ አትላኳት፤ እናንተ ደውሉ።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ልጆች ማይል ሲያጠራቅሙ የሚያዩት የቁጥሩን ብዛት ነው። «መቶ ሺህ ማይል አለኝ፣ እማዬን ላመጣት ነው» ይላሉ። እኛ የምናየው ፊደሉን ነው። እያንዳንዱ ወንበር በፊደል ነው የሚሸጠው። በስታር አሊያንስ ውስጥ በማይል የሚሰጠው የኢኮኖሚ ወንበር ፊደሉ ኤክስ ነው፤ የቢዝነስ ክላሱ አይ ነው። አውሮፕላኑ ግማሹ ባዶ ሆኖ ኤክስ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ኤክስ ከሌለ የአንድ ሚሊዮን ማይል ባለቤትም ቢሆን ያን ወንበር በአጋር ማይል አያገኘውም። ስለዚህ ነጥባችሁን ከባንክ ካርድ ወደ አየር መንገዱ ከማዛወራችሁ በፊት ወንበሩ መኖሩን አይታችሁ አረጋግጡ። ከቼዝ ወደ ዩናይትድ፣ ከቼዝም ከአሜሪካን ኤክስፕረስም ኤሮፕላን ወደሚባለው የኤር ካናዳ የማይል ፕሮግራም አንድ ለአንድ ይዛወራል፤ ከተዛወረ በኋላ ግን መመለሻ የለውም። ወንበር ሳያይ አዛውሮ ነጥቡ የታሰረበት ሰው ስልኩ ላይ ሲያለቅስ ሰምቼ አውቃለሁ።

ሁሉም ሰው ፍለጋውን የሚጀምረው ከዋሽንግተን ነው፤ ከቶሮንቶ፣ ከአትላንታ። ረጅሙ መንገድ እሱ ስለሆነ ከባዱም እሱ ይመስላቸዋል። የኔ ምክር ከአዘዞ፣ ከጎንደሩ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጀምሩ ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር ያለው የአንድ ሰዓት በረራ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከ80 ወንበር በማይበልጥ ባለ ማራገቢያ አውሮፕላን ነው። ከዋሽንግተን የሚነሣው ግን ሦስት መቶ ገደማ ሰው ይጭናል። ወንፊቱ የሚጠብበው እዚህ ጋ ነው። የጎንደሩ ኤክስ በየትኛው ቀን እንዳለ መጀመሪያ ለዩ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ የአዲስ አበባውን፣ ከዚያ የባሕር ማዶውን ፈልጉ። ኮምፒዩተሩ «ዋሽንግተን ጎንደር» ሲባል የለም ካለ፣ ለየብቻ ቆርጣችሁ ፈልጉ፤ ሁለቱም ለየብቻ ካሉ ደውላችሁ በአንድ ትኬት እንዲያያይዙላችሁ ጠይቁ። የስልክ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ድረ ገጹ ያላሳየውን ይገጣጥማል። ቀጥታው ከሌለ ደግሞ መንገዱን አጥምዙት፦ ከዋሽንግተን ፍራንክፈርት በዩናይትድ ወይም በሉፍታንዛ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፤ ወይም በኢስታንቡል በተርኪሽ፤ ወይም በካይሮ በግብፅ አየር። ሁሉም ከአንዱ ኪስ በሚወጣ ማይል ይገጣጠማሉ።

በአንድ ትኬት እንዲሆን ለምን እንደማጠብቅ ልንገራችሁ። የኤር ካናዳው ኤሮፕላን የብዙ አጋሮቹን ወንበር የሚተምነው በርቀት ነው፤ ከሰሜን አሜሪካ ወደኛ አቅጣጫ ከ6001 እስከ 8000 ማይል ያለው አንድ ዋጋ ነው። ዋሽንግተን አዲስ አበባ 7200 ማይል ገደማ ነው። ጎንደር ሲጨመርበት 7500 አይሞላም። የመጨረሻዋ በረራ ያለ ተጨማሪ ነጥብ ገባች ማለት ነው። ለየብቻ የሚቆርጣት ሰው ግን ከኪሱ ይከፍልባታል። ኤሮፕላን በአንድ መንገድ ጉዞ ላይ 5000 ነጥብ ከተጨመረለት ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ በሆነ ከተማ እስከ 45 ቀን ያሳርፋል። ልጅቱ አዲስ አበባ ወርዳ፣ አክስቶቿን ጠይቃ፣ ልደታን ስማ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ትኬት ጎንደር ትገባለች። ይሄን የሚያውቅ ሰው በጣም ጥቂት ነው።

ዋጋው ግን ትንሹ ምክንያት ነው። ትልቁ ምክንያት መንገድ ሲበላሽ ነው። በአንድ ትኬት ከሆናችሁ የመጀመሪያው በረራ ሲዘገይ ሁለተኛውን የሚያገናኛችሁ አየር መንገዱ ነው፤ ግዴታው ነው። በሁለት ትኬት ከሆናችሁ ግን ለሁለተኛው ቀርታችኋል፤ ወንበሩ ይነሣል። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በክልላችን ግጭት ተነሥቶ የጎንደርና የላሊበላ በረራ ለቀናት ሲቆም፣ እስከ ጎንደር በአንድ ትኬት የተቆረጠላቸው መንገዳቸውን የሚያስተካክልላቸው ነበራቸው። ለየብቻ የቆረጡት ራሳቸው ይሯሯጡ ነበር።

እኔም በዚህ አጥፍቻለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከባሕር ማዶ ለሚመጡ ባልና ሚስት የአገር ውስጡን በተለየ ትኬት ቆረጥኩላቸው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል ብዬ። የመጡበት አውሮፕላን ዘገየ፣ የጎንደሩ ሄደ፤ በሚቀጥለው ቀን ወንበር አልነበረም። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ እነሱ ቦሌ ነበሩ። ከሃያ ዓመት በኋላ ከተራን ሊያዩ የመጡ ሰዎች። ሰውየው አልተቆጣኝም፤ «ምን ታደርጊዋለሽ» ብቻ አለኝ። ያን ቀን ከዚያ ወንበር ብነሣና ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር።

ጥምቀትን ካነሣሁ ቀኑን እንዳትሳሳቱ። የማይል ወንበር የሚከፈተው ከበረራው 11 ወር ገደማ በፊት ነው፤ የጥር ወንበር የሚታየው ባለፈው የካቲት ነው። ታዲያ ጥር 11 በፈረንጆቹ ሁልጊዜ ጃንዋሪ 19 አይደለም። ጳጉሜ ስድስት ሆና ያለፈች እንደሆነ፣ በዘመነ ዮሐንስ ማለት ነው፣ ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል፤ በ2016 እንደዚያ ነበር፣ በ2020ም እንደዚያው ይሆናል። የፈረንጁን ቀን ብቻ ይዞ የሚቆርጥ ልጅ በአንድ ቀን ይስታል። ሰዓቱም እንደዚያው ነው። ትኬት ላይ 7፡10 የተጻፈው ለእናታችሁ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ10 ነው። እኔ ትኬት ሳትም በእስክሪፕቶ ጎኑ ላይ በአበሻ ሰዓት እጽፋለሁ። እናንተም በስልክ ስትነግሯት እንደዚያ ንገሯት።

ስለ ቫውቸር ደግሞ ይጠይቁኛል፤ ከለንደን የሚደውሉት በተለይ። አንድ ሰው በነጥብ ሲቆርጥ ጓደኛው በዚያው ነጥብ የሚሄድበት የብሪቲሽ ኤርዌይስ ካርድ ቫውቸር አለ። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ለማን ነው ጥሩ የሆነው? ቫውቸሩ የሚሠራው በብሪቲሽ ኤርዌይስ፣ በአይቤሪያና በኤር ሊንገስ በረራ ብቻ ነው፤ የካርዱ ባለቤትም ራሱ ተጓዥ መሆን አለበት። ብቻዋን ለምትሄድ እናት የልጇ ቫውቸር አይጠቅማትም። ለባልና ሚስት ይጠቅማል፦ እስከ ናይሮቢ ሁለቱ በአንድ ሰው ነጥብ ይሄዳሉ፣ ከናይሮቢ አዲስ አበባ ሌላ ትኬት። ያኔ ያ የሁለት ትኬት ጣጣ ተመልሶ ይመጣል፤ ስለዚህ ናይሮቢ አንድ ሌሊት እደሩ ነው የምላቸው። ለቆጠቡት ነጥብ አንድ የሆቴል አዳር አይበዛም።

አሁን ደግሞ ሰው የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ለቪዛ ለምትጠባበቅ እናት ከርካሽ የገንዘብ ትኬት ይልቅ የማይል ትኬት ይሻላል። ርካሹ ትኬት ቪዛው ሲከለከል ብዙ ጊዜ አብሮ ይቃጠላል። በዩናይትድ ማይል የተቆረጠ ግን ከበረራው በፊት ከተሰረዘ ማይሉ ያለ ቅጣት ይመለሳል፤ የነዳጅ ተጨማሪ ክፍያም አይጠየቅበትም። ኤምባሲው «አይሆንም» ብሏት እያለቀሰች የመጣች እናት፣ ቢያንስ የልጇ ገንዘብ እንዳልባከነ ሲነገራት ፊቷ ላይ የሚመጣውን አይቻለሁ።

በአጋር ማይል ስትቆርጡ ሁለት ኮድ እንደሚኖር አትርሱ። አንዱ ማይሉን የወሰደው ድርጅት የሰጣችሁ ስድስት ፊደል ነው፤ ሌላው ደግሞ በረራውን የሚያደርገው አየር መንገድ የራሱ ነው። የኢትዮጵያን ኮድ ደውላችሁ ጠይቁና ጻፉት። ወንበር የሚመረጠው በሱ ነው፣ የተሽከርካሪ ወንበር እርዳታ የሚጠየቀውም በሱ ነው። እናታችሁ ከአራዳ እስከ ቀሃ ኢየሱስ በእግሯ የምትወርድ ብትሆንም ይሄን እርዳታ ጠይቁላት። የሚመጣው ወንበሩ ብቻ አይደለም፤ ሰው ነው። ቋንቋ ሳታውቅ ከበር ወደ በር የሚያደርሳት፣ ወረቀቷን የሚያሳይላት ሰው። ስሟንም ፓስፖርቷን ፊት ለፊት አድርጋችሁ አንድ በአንድ ጻፉ፤ የእኛ ስም በፈረንጅ ፊደል በአምስት መልክ ይጻፋል፣ ትኬት ላይ የሚያልፈው ግን ፓስፖርቱ ላይ ያለው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ንገሯት። ወደ አሜሪካ ሲሄድ አውሮፕላኑ መሃል ላይ ነዳጅ ለመሙላት ሊያርፍ ይችላል፤ እንደ ጊዜው ደብሊን ወይም ሎሜ ሲያርፍ ኖሯል። ቦሌ ከባሕር ወለል 2300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ትልቅ አውሮፕላን ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ ይዞ ከዚያ መነሣት ይከብደዋል። ሲመለስ ግን የሚነሣው ከዝቅተኛ ቦታ ነውና ብዙ ጊዜ ሳያርፍ ይመጣል። ይሄን ያልተነገራት እናት «ደረስን» ብላ ቦርሳዋን አንሥታ ትቆማለች።

ወደ እትዬ ልመለስ። ልጃቸው ሲነጋላት ተደወለላት። እኔ የጎንደሩን ኤክስ እያየሁ ቀን እነግራታለሁ፣ እሷ በሌላ ስልክ ለአየር መንገዱ ሠራተኛ ትነግራለች። ማክሰኞ የለም፤ ረቡዕ የጎንደሩ አለ የዋሽንግተኑ የለም፤ ዓርብ ሁለቱም አለ። ዓርብ ሆነ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አዲሱ ወረቀት በስልኬ መጣና አተምኩት። እትዬ ተቀብለውኝ ገልብጠው አዩት፣ ማንበብ አይችሉም፤ «የአዘዞው ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ። በእስክሪፕቶ ጻፍኩላቸው። መሐረቡን ፈትተው ወረቀቱን ከስልኩ ጋር ቋጠሩትና «ተዝካሯን አውጥቼ እሄዳለሁ» ብለው ወጡ።