አሮጌዋን ቮልስ ይዘው ወደ ደብረ ማርቆስ

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቮልስዎን የሚፈትናት ግን አባይ በረሃ ነው፤ በተለይ ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው ዳገት። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር እንጂ በውሃ ስላልሆነ የቬንትሌተሩን ቺንጋ ያስፈትሹ፤ ትርፍም ይያዙ። ከተበጠሰ ወዲያው ይቁሙ። ዘይቷም 2.5 ሊትር ብቻ ነውና ጥቂት ሲጎድል ይጎዳታል።

ከሁሉ በፊት ግን ማርሚታው! የቮልስ ማሞቂያ ሙቀት የሚወስደው ከጭስ ማውጫው ነው። ቱቦው ከተበሳ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም። የጎጃም ብርድ መስኮት ያስዘጋል፤ ከኋላ ያሉት ልጆች እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስላል። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማዎ መኪናዋን አቁመው ቤተሰቡን በሙሉ ያውርዱ። መካኒኩ «ትንሽ ቀዳዳ ናት» ቢልዎ እንኳ ሳይጠገን አይነሱ።

ለብርዱ ጋቢ ይያዙ።