የጤፍ ምርምሩ ከገበያ የተማረው

የእህል ነጋዴ ጤፍ ሲገዛ ከጆንያው እፍኝ አውጥቶ መዳፉ ላይ ዘርግቶ ያያል። ማኛው ከነጩ፣ ነጩም ከሰርገኛው የሚለየውና ዋጋ የሚቆረጥለት በዚሁ ነው። ለደላላው ይህ የዕለት እንጀራው ሲሆን በምርምር ጣቢያ ግን ለረጅም ጊዜ ቀዳሚው መለኪያ በሄክታር የሚገኘው ኩንታል ነበር።

የሁለቱ አለመገናኘት ምን እንዳስከተለ ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ዝርያዎች መረዳት ይቻላል። «ዱከም» የተባለው ዝርያ ምርቱ ከፍተኛ ቢሆንም ፍሬው እንደሚፈለገው ስላልነጣ ብዙ ገበሬ አልወሰደውም። «ማኛ» የተባለው ደግሞ እጅግ ነጭና ውድ ሆኖ ምርቱ አነስተኛ ነው። ገበሬው ዱከምን የተወው ሒሳቡን አስልቶ ነው። (አንድ የጤፍ ነጋዴ አስቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ ይህንኑ በነገራቸው ነበር።)

በልማት ምርምር «የጋራ መማማር» የሚባለው አሠራር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪው፣ ገበሬውና ነጋዴው የየራሳቸውን እውቀት ይዘው በመጀመሪያ ችግሩ ራሱ ምን እንደሆነ ይነጋገራሉ። የጎደለው ምርት ነው ወይስ ገቢ? ጥያቄው ሲለወጥ ሥራውም ይለወጣል።

ማዕከሉ በዚህ ስም ይጥራውም አይጥራው፣ ሁለቱን ዝርያዎች አዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ2006 «ቁንጮ»ን አወጣ። የአንዱን ምርታማነት ከሌላው ንጣት ጋር ያጣመረ ነበር። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ በእጅ የማዳቀሉ ጥበብ የተገኘው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ መሆኑን ልብ ይሏል። ዘሩ እንደ ምንጃር ባሉ አካባቢዎች በብድር ተሰጠ። ተበዳሪው ምርቱን ሲሰበስብ የወሰደውን ዘር በዓይነት ይመልሳል፤ የተመለሰው ለሌላ ገበሬ ይሰጣል። ጎረቤትም ማሳውን በዓይኑ እያየ መከታተል ይችላል።

አሠራሩ ግን ወጪ አለው። ጊዜ ይፈጃል፤ ነጋዴም የዋጋ ምስጢሩን በስብሰባ ላይ ለማውጣት አይቸኩልም።

ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ጤፍን በመስመር መዝራት በሰፊው ሲመከር ዘር እንደሚቆጥብ ተነገረ። ብዙ የሰው ጉልበት እንደሚፈጅ ያሳወቁት ደግሞ የሞከሩት ገበሬዎች ናቸው። በመዝሪያ መሣሪያ ላይ ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብ ባለሀብት ይህን ቅሬታ ማሳው ድረስ ሄዶ ቢያዳምጥ ይጠቀማል።