ከግንባር «በሰላም» የተመለሰው ልጅ ጭንቅላቱ ታይቷል?

ጭሮም ሆነ ሂርና፣ ገለምሶም ሆነ ሚኤሶ፣ ከግንባር የተመለሰ ልጅ እጅ እግሩ ሙሉ ከሆነ ቤተሰቡ «አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ገባ» ብሎ ያርፋል። ቆይቶ ራስ ምታቱ አልለቅ ሲለው፣ ሶላት ላይ የረክዓው ቁጥር ሲጠፋበት፣ በትንሽ ነገር ሲቆጣ ግን ጂን ነው ይባላል። እንቅልፍ ማጣቱንማ በጫት ማሳበብ እኛ ዘንድ ቀላል ነው። በ2013 ተጀምሮ በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመው ጦርነት ከባድ መሣሪያ የተተኮሰበት ነበር። ስለዚህ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «ፍንዳታ አጠገቡ ደርሶ ነበር ወይ?» የሚለው ነው።

የአንጎል መናወጥ በፍንዳታ ግፊት፣ በመውደቅ ወይም በመኪና አደጋ ይመጣል። የግድ ራስን መሳት የለበትም፤ ለአፍታ መደናበር ወይም የሆነውን አለማስታወስም ምልክት ነው። ሲቲ ስካን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይታይም። የሚለየው በጥያቄ ነው።

የአሜሪካ ጦር ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ሜስ» የተባለ መመርመሪያ ይጠቀማል። ባለሙያው ምን እንደደረሰና ወታደሩ የማያስታውሰው ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ ይጠይቃል። ከዚያ አምስት ቃላት ያስደግመዋል፤ ቁጥሮችን ገልብጦ፣ ወራትንም ከመጨረሻው ወደ ኋላ እንዲጠራ ያደርገዋል፤ ጥቂት ቆይቶም አምስቱን ቃላት መልሶ ይጠይቀዋል። በኋላ የዓይን እንቅስቃሴና የሚዛን ፍተሻ ተጨምሮበታል። ከጓዶቹ መለየት የማይፈልግ ወታደር ቃላቱን ሊያጠና ስለሚችል ፈተናው በተለያየ ኮድ ተዘጋጅቷል። መምህር የነበርን ሰዎች ይህ አይገርመንም! መናወጡ የታወቀበት ወታደር ቢያንስ 24 ሰዓት ያርፋል፤ ሳያገግም ሌላ ምት ካገኘው ጉዳቱ ይብሳልና።

ይህ ፈተና ይበልጥ የሚጠቅመው ጉዳቱ በደረሰ ሰሞን ነው። ወራት ካለፉ ሐኪሙ በዋናነት የሚይዘው ታሪኩን ነው፦ ፍንዳታው መቼ ነበር፣ ምን ያህል ቀረበው፣ ከዚያ ወዲህ ጠባዩና እንቅልፉ እንዴት ተለወጠ? ይህንን ደግሞ ከእናቱና ከሚስቱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አብረውት ሆስፒታል ይሂዱ። ሩቅያ ማስቀራት መልካም ነው፤ ምርመራውን ግን አይተካም።

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ በጉዞ ላይ ራሱን የተፈነከተ ሰው ጀናባ ሆኖ ተየሙም ይፈቀድለት እንደሆነ ጠየቀ። ባልደረቦቹ አይቻልህም አሉት፤ ታጠበና ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሳያውቁ በመፍረዳቸውና ባለመጠየቃቸው በብርቱ ወቀሷቸው።

ምቱ አዲስ ከሆነና ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካንዘፈዘፈው፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ ወይም አልነቃ ካለ፣ ሳያድር ሆስፒታል ይወሰድ።