መልኩ የጥንት፣ አካሉ የዘመን

ከደጋው ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ያገራችን ሰው ከወደቡ ከመድረሱ አስቀድሞ የሚያገኘው የባልባላን ሠፈር ነው። ባልባላ ከአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ማዶ የሚገኝ ሲሆን፣ አመሠራረቱም በ1960ዎቹ ዓመታት (የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው) የፈረንሳይ አስተዳደር ከተማይቱን በሽቦ አጥር ባጠረ ጊዜ፣ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የተከለከለው ሕዝብ ከአጥሩ ውጭ በመሥፈሩ ነው። በ1987 ከከተማይቱ ጋራ ተጠቃልሎ፣ ዛሬ እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚኖርበት ክፍል ሆኗል። ከዚሁም ሕዝብ መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኛሉ።

የባልባላ ነዋሪ በዕረፍት ቀኑ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ባሕሩ ቢወርድ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሁለት ዓይነት ጀልባ ይመለከታል። አንደኛው ዓሣ አጥማጁ እንጀራውን የሚያገኝበት ረዥምና ጠባብ ጀልባ ነው። ሁለተኛው ጐብኝዎች ወደ ሙሻና ወደ ማስካሊ ደሴቶች የሚሻገሩበት፣ ወይም ቱናና ባራኩዳ ለመዝናኛ የሚያጠምዱበት ነው። በዋጋና በምቾት እጅግ ቢራራቁም፣ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ የብዙዎቹ አካል በዘመናዊ ዘዴ ከመስተዋት ክርና ከሙጫ የተሠራ ሲሆን፣ መልካቸው ግን ከቀድሞው የእንጨት ጀልባ የተወረሰ ነው። አዲሱ አሠራር የአሮጌውን መልክ ስለ ምን ያዘ? ይህንስ ማወቅ ለተሳፋሪው ምን ይረባዋል? ዛሬ ለአንባቢያችን ለማስረዳት የምንፈልገው ይህን ነው።

በቀድሞ ዘመን በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ይመላለሱ የነበሩት ሳምቡክ የተባሉት ባለ ሸራ ጀልባዎች ከእንጨት ይሠሩ ነበር። ለዚሁ ሥራ እጅግ የተመረጠው ከሕንድ አገር የሚመጣው የቲክ ሣንቃ ነበር። በሣንቃዎቹ መጋጠሚያ ዘይት የጠጣ ጥጥ ይጠቀጠቃል፤ ከውኃው በታች ያለው ክፍል እንጨት በሚበላው የባሕር ትል እንዳይቦረቦር ኖራና ሞራ ይቀባል። ሁሪ የተባለችው ትንሿ ጀልባ ደግሞ ከአንድ ግንድ ተፈልፍላ የምትወጣ ነበረች። የዚህ ሁሉ ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ እንጂ በወረቀት ላይ የሚነደፍ አልነበረም።

አዲሱን አሠራር ለመረዳት ከአገራችን ቤት የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። ቤት ሠሪው ጭቃውን ከጭድ ጋራ አብኩቶ ግድግዳውን ይመርጋል። ጭቃው ብቻውን ቢሆን ይሰነጣጠቃል፤ ጭዱም ብቻውን ግድግዳ አይሆንም። ሁለቱ ሲዋሐዱ ግን ጭዱ መሰንጠቁን ይከለክላል፣ ጭቃው ጭዱን በቦታው ያጸናል። ፋይበር ግላስ የሚባለውም እንዲሁ ነው። በጭዱ ፈንታ እንደ ጨርቅ የተሸመነ የመስተዋት ክር፣ በጭቃው ፈንታ ከማድረቂያ ጋራ ሲቀላቀል እንደ ድንጋይ የሚጠና ሙጫ ይገባል። ጨርቁ በቅርጽ ማውጫው ላይ እየተነጠፈ ሙጫ ይጠጣል፤ ድርብ በድርብ ላይ ይደረባል፤ በደረቀ ጊዜ ያለ ሣንቃ መጋጠሚያ አንድ ወጥ አካል ይሆናል። ትል አይበላውም፤ እንደ እንጨትም አይበሰብስም።

ከዚህ የረቀቀው ዘዴ ደግሞ በሁለት ስስ የፋይበር ግላስ ንጣፎች መካከል ቀላል ነገር፣ ማለት የደረቀ አረፋ ወይም ባልሳ የተባለውን እንደ ቡሽ የቀለለ እንጨት ማስገባት ነው። ምክንያቱም የአንድ ገበታ ውፍረት እጥፍ በሆነ ጊዜ አለመጕበጡ ስምንት እጥፍ ስለሚሆን ነው። እንግዲህ ውፍረቱን በቀላል ነገር ያገኘ ሠሪ፣ ክብደት ሳይጨምር ጽኑ አካል ያወጣል ማለት ነው። ታላላቅ ሠሪዎችም ደረቁን ጨርቅ በላስቲክ ሸፍነው አየሩን በፓምፕ ይመጥጡታል፤ በዚያን ጊዜ ሙጫው ወደ ውስጥ እየተሳበ ገብቶ ሁሉን እኩል ያርሰዋል።

በዚህ ሙያ ስመ ጥር የሆኑት የአሜሪካ ሠሪዎች ናቸው። በፍሎሪዳ የሪቦቪች ቤተሰብ በ1947 ያወጣው የእንጨት ጀልባ፣ ኋላ ለመጡት የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች አርአያ ሆነ። በ1960 ደግሞ በሰሜን ካሮላይና ሀተራስ የተባለው ፋብሪካ 41 ጫማ ርዝመት ያለውን ጀልባ ከፋይበር ግላስ ሠርቶ ባሕር ላይ ባዋለ ጊዜ፣ ታላቅ ጀልባ ያለ እንጨት አካል ሊሠራ እንደሚችል ለብዙዎች ተገለጠላቸው። ይሁን እንጂ በዚያው በካሮላይና ጠረፍ ዛሬም በልዩ ትእዛዝ የሚሠሩት ጀልባዎች የአባቶቻቸውን መልክ አልጣሉም። እንዲያውም በጀልባው ኋላ ፋይበር ግላሱን ቲክ እንጨት አስመስለው በቀለም የሚሥሉ አሉ።

የቀለሙ ነገር ለዓይን ደስታ ብቻ ነው። የቅርጹ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። የጀልባው ፊት ከታች ስለታም የሆነው አጭሩንና ተደጋጋሚውን ማዕበል እንዲሰነጥቅ ነው፤ ከላይ ወደ ውጭ የተዘረጋው የሚረጨውን ውኃ ከተሳፋሪው እንዲያርቅ ነው፤ የኋላው ጐን ዝቅ ያለው ደግሞ አጥማጁ ዓሣውን ያለ ችግር ወደ ውስጥ እንዲስብ ነው። ስለዚህ መልካም ቅርጽ የብዙ ትውልድ ልምድ የተጠራቀመበት ዕውቀት ነው እንላለን።

በጅቡቲና በየመን ባሕር ዳርም ይኸው ሆኗል። ሁሪ ዛሬ ከግንድ መፈልፈሏ ቀርቶ በፋይበር ግላስ ትሠራለች፤ ለሞተር መስቀያ ኋላዋ ተቈርጧል፤ ነገር ግን ስሟም ርዝመቷም ጥበቷም እንደ ጥንቱ ነው።

ነገር ግን አዲሱ አካል አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ሕመሙን ይሸሽጋል። የበሰበሰ ሣንቃ በቢላዋ ጫፍ ቢነካ ይታወቃል። የፋይበር ግላስ ጀልባ ግን አዲስ ቀለም ከተቀባ ውስጡ ውኃ ቢጠጣም ያው ያማረ መስሎ ይታያል። ብዙ ጊዜም ጥፋቱ የሚመጣው ለብሎን ከተበሳና በሚገባ ካልተደፈነ ትንሽ ቀዳዳ ነው። ስለሆነም ጀልባ የሚገዛ ሰው በትንሽ መዶሻ ቀስ አድርጎ ይምታው፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተላቀቀው ግን የታፈነ ድምፅ ያሰማል። የተሰበረውን ለመጠገንም ላይ ላዩን መለጠፍ አይበቃም፤ ለአንድ ሴንቲሜትር ጥልቀት እስከ 12 ሴንቲሜትር ያህል ዙሪያውን በተዳፋት ሞርዶ ድርብ በድርብ መሙላት ይገባል። በጅቡቲ በጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወራት ሙጫው ያለ ጊዜው ስለሚጠና፣ ሥራውን በማለዳ መጨረስ የብልኅ ሰው ልማድ ነው።

በዚህ ሥራ የሚተዳደር አባወራ ደግሞ ቤተሰቡን ያስብ። የሙጫው ጋዝ ራስን ያዞራል፤ ሲሞረድ የሚነሣው የመስተዋት ብናኝ ቆዳን ያሳክካል፣ ሳንባንም ይጐዳል። ስለዚህ ሥራው ነፋስ በሚዘልቅበት ስፍራ፣ አፍና አፍንጫን በተገቢው መከለያ ሸፍኖ ይሠራ፤ ሕፃናት አይቅረቡ፤ የሥራ ልብስም ከቤተሰቡ ልብስ ጋራ አይታጠብ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጭነቱ ነገር ነው። ቅርጹ ቢያምር፣ አካሉም ቢጠና፣ ማንኛውም ጀልባ ለተወሰነ ጭነት የተሰላ ነው። ከዚያ ባለፈ ጊዜ ጐኑ ወደ ውኃው ይጠጋል፤ ማዕበል ሲመታውም ሰዎች በድንጋጤ ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ ይገለበጣል። በ2024 በኤፕሪል ወር ከየመን ወደ ጅቡቲ ይመለሱ የነበሩ ስደተኞችን የያዙ ሁለት ጀልባዎች፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት በጎዶሪያ ጠረፍ አጠገብ ተገልብጠው ከ50 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። በሁለተኛው ጀልባ ብቻ 77 ሰዎች ተሳፍረው ነበር።

እንግዲህ ለሽርሽርም ሆነ ለሥራ ወደ ባሕር የሚወጣ አንባቢያችን የጀልባውን ውበት አይቶ አይርካ። ስንት ሰው እንዲይዝ እንደ ተሠራ ይጠይቅ፤ የተሳፈሩትን ይቍጠር፤ ለልጆቹ ሳይቀር የመንሳፈፊያ ሰደርያ መኖሩን በዓይኑ ይይ። መልስ ካጣም ከዳር ይቅር። ጥንታዊው መልክ የአባቶችን ጥበብ፣ አዲሱም አካል የዘመኑን ሳይንስ ይዞልናል፤ ሁለቱም ግን ልከኛውን ጭነት ላላወቀ ሰው ዋስ አይሆኑትም።