የጠመንጃ ጥራት በመዝጊያው ቤት ይታወቃል

የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት፣ ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት የቀረጥ በር ጀልዴሳ ነበረች። ቡናና ቆዳ በዚያ በኩል ይወርዳል፤ ጨርቅና ጠመንጃም በዚያው ይወጣል። በጸሐፊነት የማገለግላቸው ነጋዴ አያት በዚያ መንገድ ግመል የነዱ ሰው ነበሩ። ለቤተ ሰባቸው ትተውት ያለፉት ውጅግራ፣ ይኸውም ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡት ግራስ የተባለው ጠመንጃ፣ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። አያቱ ጠመንጃ ሲገዙ በሰደፉ ማማር አይታለሉም ነበር ይባላል። መዝጊያውን ከፍተው በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ መልሰው ዘግተው ነቅነቅ እያደረጉ ያደምጣሉ።

እኚያ ሰው የሚዳስሱት በርሜሉ የሚሰካበትን፣ መዝጊያው የሚመላለስበትንና ቃታው የሚያያዝበትን የብረት ቤት ነበር። በርሜል ሲያረጅ ይለወጣል፤ ሰደፍ ቢሰበር አናጢ ይሠራዋል። የመዝጊያው ቤት ከተበላሸ ግን ጠመንጃው አለቀለት። ተኳሹም ፊቱን የሚያስጠጋው ከዚያው አጠገብ ስለ ሆነ፣ ቤቱ በተሰነጠቀ ጊዜ የሚጎዳው ዓይን ነው።

ነገሩ በከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ላይ ይከብዳል። ይህ መሣሪያ ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሳል፤ ነገር ግን ቀለሁን ራሱ ተፍቶ ሌላውን ራሱ ይጎርሳል። በውጅግራ ላይ በእጅ ቀስ ብሎ የሚመለሰው መዝጊያ በዚህኛው በኃይል ተወርውሮ የቤቱን ጀርባ በየተኩሱ ይመታል። ስለዚህ ገዢ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ መዝጊያው በሚቆለፍበት ጊዜ ጆሮዎቹ የሚያዙት በምን ላይ ነው?

የቃኘው ሻለቃ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪያ የተዋጋበት የአሜሪካው ጋራንድ፣ ሁለቱ የመዝጊያ ጆሮዎቹ በቀጥታ በቤቱ ብረት ውስጥ ይቆለፋሉ። የባሩዱን ግፊት ሁሉ የሚሸከመው ቤቱ ስለ ሆነ፣ ከተቀጠቀጠ ብረት ተፈልፍሎ በእሳት እንዲጠነክር ተደርጓል። በሌላ በኩል መዝጊያቸው ከበርሜሉ ጋር በተያያዘ የብረት ቀለበት ውስጥ የሚቆለፍ አሉ፤ የእነዚህ ቤት ከአሉሚኒየም ቢሠራም ነውር የለውም። ከክላሽንኮቭ ዘር የብዙዎቹም ቤታቸው ስስ ቆርቆሮ ሲሆን፣ ጆሮዎቹ የሚቆለፉት በቆርቆሮው ላይ በተበሰረ ወፍራም ብረት ውስጥ ነው። እዚህ ላይ የሚመረመረው የብስማሩ አቀማመጥ ነው፤ የላላ ወይም የተጣመመ ብስማር ካለ ዕቃው ይመለስ። በገበያችን «ከባድ ከሆነ ጥሩ ነው» የሚባለው አነጋገር እንግዲህ ግማሽ እውነት ብቻ ነው።

ስለ አሠራሩ ዘዴ ብዙ ይባላል። ተቀጥቅጦ የተፈለፈለ ብረት የብረቱ ሥር አብሮ ስለሚታጠፍ ጠንካራ ነው፤ ዋጋውም ውድ ነው። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰውን ብዙዎች ይንቁታል፤ ሆኖም የአሜሪካው ሩገር ሚኒ 14 ቤት በዚሁ ዘዴ ተሠርቶ ለብዙ ዓመት አገልግሏል። ቀልጦ የፈሰሰ ብረት አደጋው በውስጡ ባዶ ቀዳዳ ሊቀር መቻሉ ነው፤ ያም ከውጭ አይታይም።

ዓይን የማያየው ከባዱ ነገር ግን የእሳቱ ልክ ነው። በአሜሪካ የስፕሪንግፊልድ መሣሪያ ፋብሪካ የ1903 ሞዴል ጠመንጃን ሲሠራ፣ ሠራተኞቹ የብረቱን ሙቀት በቀለሙ ዓይተው ይገምቱ ነበር። ብርሃኑ በበዛበት ቀን የጋለው ብረት ደብዝዞ ስለሚታይ እሳቱን ያበዙበታል፤ ብረቱም ተቃጥሎ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1917 አንዳንዶቹ በተኩስ ጊዜ ፈነዱ፤ ምርመራ ተደርጎ ሥራው ተለወጠ። ከዚያ ፋብሪካ ቁጥሩ ከ800,000 በታች የሆነው ሁሉ እስከ ዛሬ በጥርጣሬ ይታያል። ያ ጠመንጃ በእጅ የሚጎርስ ቢሆንም ምሳሌው ለሁሉም ያገለግላል፤ መልካም ብረትና መልካም ቅርጽ ነበረው፤ የጎደለው የሙቀት መለኪያ ብቻ ነው።

ስለዚህ ማኅተም ይታይ። የቤልጅግ ሊዬዥና የእንግሊዝ በርሚንግሃም የመፈተኛ ቤቶች ጠመንጃውን ከልክ በላይ በተጫነ ጥይት ተኩሰው ካለፈ በኋላ ምልክታቸውን ይመቱበታል። ቁጥሩ ተፍቆ እንደ ገና የተጻፈበትን፣ ወይም አዲስ ቀለም ወፍራም ሆኖ የተቀባበትን መጠራጠር ይገባል። እንዳያገለግሉ ተብለው በእሳት የተቆረጡ የጋራንድ ቤቶች ተበይደው እንደ ደህና የተሸጡበት ጊዜ ነበርና፣ የብየዳ ጠባሳ በቀለም ሥር ሊደበቅ ይችላል። መዝጊያው ሲወጣ ሁለቱም ጆሮዎች እኩል ተፍቀው መታየት አለባቸው፤ አንዱ ብቻ ካበራ ሸክሙን ብቻውን ተሸክሟል ማለት ነው።

የጦር መሣሪያ እንደ ጨርቅና ስኳር የሚነገድ ዕቃ አለመሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ፤ በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት ያለ ፈቃድ ማስገባትም መሸጥም ክልክል ነው። የፈቃዱ ጉዳይ ካለቀ በኋላ ግን የዕቃውን ጥራት መመርመር የገዢው ፈንታ ነው። በአደን ሥራ ላይ የተሰማራ አንድ ደንበኛችን ከውጭ አገር ደላላ የመጣለትን የዋጋ ማቅረቢያ እንድናይለት ሰጥቶን ነበር። ወረቀቱ ስለ ሰደፉ እንጨትና ስለ መነጽሩ ብዙ ይናገራል፤ ስለ መዝጊያው ቤት አንድ ቃል የለውም። እኔም በነጋዴው ትእዛዝ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጻፍኩ፦ ቤቱ ከምን ብረት፣ በምን ዘዴ ተሠራ? የት ተፈተነ? ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጣው መልስ ዋጋው በመቶ አሥር መቀነሱን ብቻ የሚገልጥ ነበር። ደንበኛችንም ዕቃውን ሳያዝ ቀረ።