የፋይል ስምና ይዘት ሲለያዩ፦ የተሳሳተ ቅጥያን ፈልጎ ማረም

ከስልክ ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠ የቤተሰብ ፎቶግራፍ አልከፈት ሲል ብዙ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ይሰርዘዋል። አንዳንድ ጊዜ ግን የተሳሳተው ፎቶግራፉ ሳይሆን የፋይሉ ቅጥያ፣ ማለትም በስሙ መጨረሻ ከነጥብ ቀጥሎ የሚጻፈው አጭር መለያ ነው።

ቅጥያ ፋይሉ በየትኛው ፕሮግራም እንደሚከፈት ይጠቁማል እንጂ የፋይሉን ምንነት አይወስንም። በርበሬ በያዘ ጣሳ ላይ «ቡና» የሚል ወረቀት ቢለጠፍ በርበሬው ቡና አይሆንም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 ኤችኢአይሲ የተባለውን የፎቶግራፍ ዓይነት በአይፎን ላይ ካስተዋወቀ ወዲህ ይህ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ በኢንተርኔት የሚያስገባ ሰው ድረ ገጹ ጄፔግ ብቻ እንደሚቀበል ሲነግረው ቅጥያውን በእጁ ይለውጣል። ይዘቱ ግን ያው ስለሆነ፣ ይዘትን የሚመረምር ድረ ገጽ ፎቶግራፉን ሊመልስበት ይችላል።

እውነተኛውን ዓይነት ለማወቅ የፋይሉን የመጀመሪያ ባይቶች ማየት ይገባል። የጄፔግ ፋይል 255 እና 216 በተባሉ ሁለት ባይቶች ይጀምራል፤ ፒኤንጂ ደግሞ ከ137 ቀጥሎ የራሱን ስም ሦስት የላቲን ፊደላት ይዟል። በዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረውና ዛሬም በሊኑክስና በማክ የሚገኘው «ፋይል» የተባለ ትዕዛዝ ይህንኑ አንብቦ ምንነቱን ይናገራል።

ስሙን ጭምር ለማረም ካናዳዊው ፊል ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ነፃ ፕሮግራም፣ ኤግዚፍቱል፣ ያገለግላል። በዊንዶውስም ይሠራል። የሚሠራው በመዳፊት ጠቅታ ሳይሆን በትዕዛዝ መስመር ላይ በሚጻፍ ትዕዛዝ ስለሆነ በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶግራፎችን የያዘ ፎልደር በአንድ ጊዜ ይመረምራል።

አሠራሩ በሦስት ደረጃ ቢከናወን ይመረጣል። በመጀመሪያ የፎልደሩን ቅጂ በሌላ ቦታ ያስቀምጡ። ቀጥሎ «ቴስትኔም» በተባለው የሙከራ አማራጭ ይሞክሩ፤ ይህ አማራጭ ምንም ሳይነካ ነባሩንና አዲሱን ስም ጎን ለጎን ያሳያል። ውጤቱ ትክክል ሆኖ ሲገኝ ብቻ «ቴስትኔም» የሚለውን «ፋይልኔም» በሚለው ተክተው ትዕዛዙን ይድገሙት። ፕሮግራሙ ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ፋይል ካገኘ በላዩ ላይ አይጽፍበትም።

ይህ እርማት ፋይሉን ወደ ትክክለኛ ስሙ ይመልሰዋል እንጂ ዓይነቱን አይለውጥም። ጄፔግ የሚያስፈልገው ሰው ስሙ ከታረመ በኋላ ፎቶግራፉን በፎቶግራፍ ፕሮግራም ከፍቶ በጄፔግ ዓይነት እንደገና ሊያስቀምጠው ይገባል። በኢሜይል የመጣ «ሰነድ» ሲመረመር የዊንዶውስ ፕሮግራም ሆኖ ከተገኘ ግን መታረም ሳይሆን ሳይከፈት መሰረዝ አለበት። ስምን ከይዘት ጋር ማመሳከር ንብረትን ከመጥፋት፣ ኮምፒውተርንም ከአደጋ ይጠብቃል።